ሌት ተቀን በአንድ ጎማ

ክሬሰንት ታውን ስሙን የወረሰው ከአንድ ትምህርት ቤት ነው። ከቪክቶሪያ ፓርክ የምድር ባቡር ጣቢያ ወጥቶ በተሸፈነው የእግረኛ ድልድይ የሚሻገር ሰው ፊት ለፊቱ የሚያገኘው የፎቅ መንደር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከመቆሙ በፊት (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ቦታው ክሬሰንት የተባለ የወንዶች ትምህርት ቤት ግቢ ነበር። ትምህርት ቤቱ ወደ ሌላ የቶሮንቶ ሰፈር ሲዛወር ስሙን ጥሎ ሄደ። ከትምህርት ቤቱ በፊት ደግሞ ዴንቶኒያ የሚባል የወተት ላሞች እርሻ ነበር። ዛሬ ከዳካም ከአዲስ አበባም የመጡ ቤተሰቦች በረንዳቸው ላይ ልብስ በሚያሰጡበት ቦታ ላም ይታለብ ነበር።

የእርሻው ጌታ ዋልተር ማሲ ይባላል። ቤተሰቡ የከበረው በማጨጃና በማረሻ መሣሪያ ነው፤ ማሲ ፈርጉሰን የሚባለውን ትራክተር አገር ቤት ያየ አንባቢ የስሙን ግማሽ ከእነዚህ ሰዎች እንዳገኘው ልብ ይበል። በ1890ዎቹ ግን ሰሜን አሜሪካ በብስክሌት አብዶ ነበርና የማሲ ሃሪስ ፋብሪካም ከማጨጃው ጎን ብስክሌት ማምረት ጀመረ። እብደቱ ሲበርድና ገበያው ሲጣበብ በ1899 የማሲን ጨምሮ በርካታ አምራቾች የብስክሌት ሥራቸውን አንድ ላይ አድርገው አንድ ኩባንያ ፈጠሩ። ሲሲኤም ይባላል። ዛሬ በበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ጫማና የራስ ቁር ላይ የምናነበው ያው ስም ነው። ዋልተር ማሲ ኩባንያው በተፈጠረ በሁለተኛው ዓመት በታይፎይድ ሞተ፤ ገና 37 ዓመቱ ነበር።

እዚህ የምንኖር ሰዎች እንግዲህ የምንተኛው በአንድ ብስክሌት ሠሪ መሬት ላይ ነው። እኔን ወደ ነገሩ የሳበኝ ግን የማሲ ሀብት አይደለም። ሰው ቀኑንም ሌሊቱንም ሳያቋርጥ ጎማ ማሽከርከርን እንደ ውድድር፣ እንደ ትርኢትና እንደ እንጀራ የያዘው በዚያው ዘመን መሆኑ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ይህ ነገር በጫካ ውስጥ፣ በጭቃና በዛፍ ሥር ላይ፣ አልፎ አልፎም በባለ አንድ ጎማ ብስክሌት ሲደረግ እናገኘዋለን። በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ስከተል ደጋግሜ የማገኘው ጥያቄ ማን ፈጠነ የሚል አይደለም። ማን ያርፋል፣ መቼ፣ በማንስ ፈቃድ የሚል ነው።

የብስክሌት የስድስት ቀን ውድድር በ1878 በለንደን ኢዝሊንግተን ተጀመረ ይባላል። ስድስት የሆነው ሰባተኛው ሰንበት ስለሆነ ነው። ኒውዮርክ በ1891 በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን አዳራሽ ስትቀበለው ደንቡ ቀላል ነበር፦ የቻልከውን ያህል ንዳ፣ ሲያቅትህ ተኛ፤ የተኛህበት ሰዓት ግን የሌላው ሰው ርቀት ነው። ሰዎቹ ኮርቻ ላይ ሆነው ይበላሉ፣ ኮርቻ ላይ ያንቀላፋሉ፣ ወድቀው ይነሣሉ። ተመልካቹም ትኬት የሚገዛው ፍጥነት ሊያይ ብቻ አልነበረም፤ በአራተኛውና በአምስተኛው ቀን አእምሮው የሚናወጥ ሰው ሊያይም ነበር። በ1896 ማርሻል ዎልተር ቴይለር የተባለ የ18 ዓመት ጥቁር አሜሪካዊ በዚያ አዳራሽ 1,732 ማይል (ወደ 2,790 ኪሎ ሜትር) ነዳ፤ ስምንተኛ ወጣ። በመጨረሻዎቹ ሰዓቶች ቢላዋ የያዘ ሰው ያሳድደኛል ብሎ አልነዳም ማለቱ ይነገራል። ይኸው ወጣት በ1899፣ ሲሲኤም በተመሠረተበት ዓመት፣ ሞንትሪያል ላይ የአንድ ማይል የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። እንደገባኝ ቴይለር ተፈጥሮው የአጭር ርቀት ሰው ነበር። የስድስቱ ቀን ጉድ ለእሱ የሙያ መጀመሪያ የተከፈለ ዋጋ ነው።

በ1897 ቻርሊ ሚለር የተባለ ሰው 2,093 ማይል ሲያደርስ ነገሩ ከጋዜጣ ቁጣ አልፎ ምክር ቤት ገባ። በ1898 የወጣው የኒውዮርክ ሕግ ማንም ተወዳዳሪ በቀን ከ12 ሰዓት በላይ እንዳይነዳ ከለከለ። አዘጋጆቹ አዳራሹን ግማሽ ቀን ባዶ ማድረግ አልፈለጉም። ስለዚህ መውጫ ዘየዱ፤ ሁለት ሰው አንድ ቡድን ይሁን፣ አንዱ ሲነዳ ሌላው ይረፍ። ሕጉ ተከበረ፣ ትርኢቱም 24 ሰዓት ቀጠለ። ስልቱ ከአዳራሹ ስም ተወስዶ ማዲሰን ተባለ። ከ2000 ጀምሮ በኦሎምፒክ የታየው፣ አንዱ ጋላቢ የጓደኛውን እጅ ይዞ ወደፊት የሚወረውርበት ውድድር መነሻው ይኸው የሥራ ሰዓት ሕግ ነው። ሕግ አውጪ፣ ነጋዴና ጋላቢ ተጓትተው ያወጡት ቅርጽ ነው ማለት ይቻላል። አንድ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ቅርጽ ከየት ይመጣል ተብሎ ቢጠየቅ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አያገኝም።

(ይህን በምጽፍበት ሰዓት መስኮቴ ሥር በኤሌክትሪክ ብስክሌት ምግብ የሚያደርሱ ልጆች ይመላለሳሉ። እኩለ ሌሊት አልፏል። ስንቱ የእኛ ልጅ እንደሆነ በጨለማ አይለይም፤ ኮፍያና ጭምብል አድርገዋል። የእነሱ ውድድር ተመልካች የለውም፣ ለማዲሰኑ ሰዎች የወጣው ዓይነት ሕግም አይጠብቃቸውም፤ ስልካቸው ላይ ያለው አፕሊኬሽን ጓደኛ አልመደበላቸውም።)

ሌሊቱን ሙሉ መቆም ለእኛ ባህል እንግዳ አይደለም። ማኅሌት ያደረ ሰው ያውቀዋል። ግን ማኅሌቱ እንዴት እንደተሠራ ልብ ብለን እንመልከት፤ የቀኝ ጌታ ወገን አለ፣ የግራ ጌታ ወገን አለ፤ አንዱ ሲያነሣ ሌላው ይቀበላል። በእጅ ያለው መቋሚያ ደግሞ ስሙ እንደሚነግረን መደገፊያ ነው፣ ዜማው ሲሞቅ ብቻ ነው የሚወዛወዘው። አንድ ሰው ብቻውን ሌሊቱን ሙሉ እንዲዘምር የሚጠብቅ የለም። ሊቃውንቱ ለሌሊቱ ርዝመት መልስ ሲያበጁ ከጽናቱ ጋር ዕረፍቱንም አብረው አበጅተዋል። ኒውዮርክ በ1898 በሕግ አስገድዳ የደረሰችበት ነገር እኛ ዘንድ በዜማው አሠራር ውስጥ ነበር። ይሁን እንጂ ስለ ሥራ ስናወራ «ሌት ተቀን» የምንለው ሁልጊዜ ለምስጋና ነው። ሌት ተቀን ሠርቶ፣ ሌት ተቀን ደክማ ስንል የቀኝና የግራው ተራ ከአእምሮአችን ይወጣል።

ወደ ቶሮንቶ ልመለስ። ሜፕል ሊፍ ጋርደንስ የተባለው የሆኪ አዳራሽ በ1931 ሲከፈት ዓለም በኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ነበረች። አዳራሹም ብዙም ሳይቆይ የስድስት ቀን ብስክሌት ውድድር አስተናገደ። የዘመኑ ኮከብ ከቪክቶሪያ፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የመጣው ዊልያም ፔደን ነበር። በቀይ ጸጉሩ ምክንያት «ቶርቺ»፣ እንደ እኛ አባባል «ችቦው»፣ ይሉታል። በሙያ ዘመኑ 38 የስድስት ቀን ውድድሮች አሸንፏል፤ ይህ ቁጥር እስከ 1965 አልተሰበረም። በ1932 ብቻ አሥሩን ወስዷል። ሥራ አጥ ሰው በትንሽ ገንዘብ ገብቶ ሙቀት ባለበት አዳራሽ ሌሊቱን ያሳልፋል፤ የሚያየው ደግሞ ሥራ ያለውን፣ ያውም ማቆም የማይችለውን ሰው ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይህ ሁሉ በሰሜን አሜሪካ ደብዝዞ ጠፋ።

በእኛ በኩል በዚያው ዘመን የሆነው ሌላ ነው። ጣሊያኖች በአሥመራ ባቋቋሟቸው ውድድሮች የአገሩ ሰው አይገባም ነበር። በ1939 አብሮ እንዲወዳደር በተፈቀደበት ውድድር ገብረማርያም ገብሩ ጣሊያኖቹን ቀድሞ ገባ። በ1946 የመጀመሪያው የኤርትራ ዙር ተካሄደ። ኢትዮጵያ በ1956 በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ ከ12 ስፖርተኞቿ አራቱ ብስክሌተኞች ነበሩ፤ ገረመው ደንቦባና መስፍን ተስፋዬ ከእነሱ ውስጥ ናቸው፣ ከአሥመራ መንገዶች የወጡም ነበሩበት። አበበ ቢቂላ ከአራት ዓመት በኋላ በሮም የሌሊት ችቦ መካከል ሮጦ ሲገባ ብስክሌቱ ከትዝታችን ወደ ኋላ ቀረ። ስለ ጽናት የምናወራውም ከዚያ ወዲህ በሩጫ ቋንቋ ነው። የብስክሌቱ ቋንቋ ግን አፋችን ላይ ቀርቷል፦ ጎማ፣ ፍሬን፣ ቸርኬ፣ ካቴና። ሁሉም የጣሊያን ቃል ነው። የመካኒኩ ሱቅ የታሪክ መዝገብ ነው የምለው ለዚህ ነው።

የማራቶን ቋንቋ ደግሞ ሃያ አራት ሰዓትን ለመግለጽ አይመችም። በማራቶን ርቀቱ ተወስኗል፣ ሰዓቱ ክፍት ነው፤ ስትደርስ ያበቃል። እዚህኛው ላይ ሰዓቱ ተወስኗል፣ ርቀቱ ክፍት ነው። ብትፈጥንም አያልቅልህም። የፈጠነ ሰው ሽልማቱ ሌላ ዙር ነው።

ይህ ቅርጽ ወደ ተራራ የመጣው በ1992 ነው። ሌርድ ናይት የተባለ ሰው በዌስት ቨርጂኒያ ኬናን ሸለቆ አካባቢ የሌ ማንን የመኪና ውድድር አርአያ አድርጎ የ24 ሰዓት የተራራ ብስክሌት ውድድር አዘጋጀ። አራት አራት ሰው እየሆኑ፣ ከቀትር እስከ ቀትር፣ በአንድ የጫካ ዙር ላይ ይፈራረቃሉ፤ ሌሊት መብራት ራስ ላይ ታስሮ ይነዳል። ሐሳቡ ወደ ካናዳ ለመሻገር ጊዜ አልፈጀበትም። ከቶሮንቶ በስተ ሰሜን ምዕራብ ባለው የአልቢየን ሂልስ ጫካ ውስጥም በበጋው ረጅም ቀን ስም የተሰየመ የ24 ሰዓት ውድድር ለዓመታት ተካሂዷል። ጊዜው በብልሃት የተመረጠ ነው። በሰኔ አጋማሽ እዚህ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነውና ጨለማው አጭር ነው።

እግረ መንገዴን ስለ ሰዓት አንድ ነገር ልበል። በኢትዮጵያ ሰማይ ሥር ቢሆን የእንዲህ ያለ ውድድር ሁለቱ ትልልቅ ቅጽበቶች፣ መብራት የሚበራበትና መብራት የሚጠፋበት፣ አንድ ስም ይኖራቸው ነበር፤ አሥራ ሁለት ሰዓት። ፈረንጁ ቀኑን የሚጀምረው በጨለማ መሐል፣ ማንም በማያየው ቦታ ላይ ነው። እኛ የምንቆጥረው ከብርሃን ደጃፍ ነው። ሌሊቱን በብስክሌት ላይ የሚያድር ሰው አካል የሚያውቀውም ይህንን ሰዓት ይመስለኛል፤ ሌሊቱን ያለፉ ሰዎች ሁሉ የሚናገሩት ንጋት ላይ እግራቸው እንደገና እንደተወለደ ነውና።

ውድድሩ ለቡድን የተሠራ መሆኑን አስተውሉ። የ1898ቱ ሕግ መንፈስ አለበት፤ አንዱ ይነዳል፣ ሦስቱ ይተኛሉ። ጆን ስታምስታድ የተባለ አሜሪካዊ ግን በ1990ዎቹ ብቻውን መግባት ፈለገ። ለብቻ የሚነዳ ሰው የሚመዘገብበት ምድብ አልነበረም። ስለዚህ የራሱን ስም በአራት መልክ ጽፎ እንደ አራት ሰው ቡድን ተመዘገበ፤ ሃያ አራቱንም ሰዓት ብቻውን ነዳ። ኋላ የብቸኞች ምድብ ተከፈተ። ይህን ታሪክ ስሰማ እስቃለሁ፤ ትንሽም ይከብደኛል። ቴይለር የብቻውን ሌሊት የነዳው ሌላ አማራጭ ስላልነበረው ነው። ስታምስታድ ያንኑ ሌሊት ለማግኘት ማጭበርበር ነበረበት። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የጡንቻ አይደለም፤ ሁለተኛው በማግስቱ ወደ ቤቱ መሄድ የሚችል ሰው መሆኑ ነው።

አሁን አንዱን ጎማ እናውልቅ።

ባለ አንድ ጎማ ብስክሌት ከድሮው ከባለ ትልቅ ፊት ጎማው ብስክሌት የወጣ ነው ይባላል። የዚያ ብስክሌት ፔዳል በቀጥታ ፊተኛው ጎማ ላይ ስለተተከለ ጋላቢው ድንገት ፍሬን ሲይዝ የኋላው ጎማ ከመሬት ይነሣል፤ እዚያ ላይ ሚዛኑን መጠበቅ የቻለ ሰው ሌላው ትርፍ መሆኑን ተረዳ። ለረጅም ጊዜም ቦታው ሰርከስ ቤት ሆኖ ቀረ። እኛም ያወቅነው በዚያ በኩል ነው። ሰርከስ ኢትዮጵያ በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ከተመሠረተ በኋላ በየከተማው የልጆች ሰርከሶች በቅለዋል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ያለው እስከ ዛሬ ስሙ ይጠራል። ቢቢና ቢቹ ተስፋማርያም የተባሉት ወንድማማቾች በልጅነታቸው ወደ እንግሊዝ ሄደው፣ ኋላ ሰርከስ አቢሲኒያ የተባለውን ቡድን መሠረቱ። የደራርቱ ቱሉን ሕይወት በሰርከስ የተረከ «ቱሉ» የተሰኘ ትርኢትም ሠርተዋል። እዚህ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች፣ የሩጫውና የሚዛኑ፣ አንድ መድረክ ላይ ይገናኛሉ። ነገር ግን በመድረክ ላይ ሁሉም ነገር አጭር ነው። ጎማው ደቂቃዎች ይሽከረከራል፣ ጭብጨባ ይመጣል፣ ልጁ ይወርዳል። ወለሉም ለጥ ያለ ነው።

ከመድረኩ አውርደው ወደ ዳገት የወሰዱት ሌሎች ናቸው። በአላስካ ሲዋርድ ጆርጅ ፔክ፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ደግሞ ክሪስ ሆልም ሰው ሳያያቸው በድንጋይና በተራራ መንገድ መንዳት ጀመሩ። ሆልም ልጅ ሳለ የሳበው አንድ የመንገድ ትርኢተኛ ነው ይባላል፤ ኋላ ላይ ተራራ የሚችል ጠንካራ ብስክሌት በራሱ ስም ማሠራት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ባለ አንድ ጎማዎች በ24 ሰዓት የተራራ ውድድሮች ውስጥ፣ ከሁለት ጎማዎቹ መካከል፣ ብቅ ይላሉ።

አስቸጋሪነቱን ለመረዳት ቁልቁለቱን ማሰብ ነው። በተራ ብስክሌት ዳገቱን በላብ ከወጣህ ቁልቁለቱ ደመወዝህ ነው፤ እግርህን ታቆማለህ፣ ጎማው ብቻውን ይሮጣል፣ ውኃ ትጠጣለህ። በአንዱ ጎማ ላይ ይህ የለም። በአብዛኞቹ ላይ ካቴና የለም፣ ፔዳሉ ከጎማው ጋር አብሮ የተሰፋ ነው፤ ጎማው እስከዞረ ድረስ እግር ይዞራል። ቁልቁለት ላይ እንዲያውም የሚሠራው ሥራ የተገለበጠ ነው፤ እግር ጎማውን ከመግፋት ይልቅ ወደ ኋላ ይይዘዋል። ፍሬን የተገጠመላቸው አሉ፣ ጭኑን ያግዛሉ፣ አያሳርፉም። በተለመደው የ26 ኢንች የተራራ ጎማ አንድ ዙር ሁለት ሜትር ከጥቂት ነው፤ የ15 ኪሎ ሜትር የጫካ ዙር ማለት ከ7,000 በላይ የእግር ዙር ነው። ከእያንዳንዱ ዙር ጋር ደግሞ ሚዛን አለ፦ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። ሁለት ጎማ ያለው ሰው ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ሐሳቡ ሊሄድ ይችላል። የአንድ ጎማው ሰው ሐሳቡ የሄደበት ቅጽበት መሬት ላይ ነው።

የሰዓቱ ክብረ ወሰን በተራራ ላይ የተመዘገበ አይደለም፣ ቁጥሮቹ ግን መጠኑን ይነግሩናል። ኬን ሉዊ በ2005 በኒውዚላንድ በ24 ሰዓት 378.7 ኪሎ ሜትር ነዳ። በ2007 ሳም ዌክሊንግ በዌልስ አበሪስትዊዝ ወደ 453.6 ኪሎ ሜትር አደረሰው። ቀኑን ሙሉ ሌሊቱን ሙሉ በሰዓት በአማካይ 19 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ይህም ለመብላትና ለመሽናት የቆመበት ደቂቃ ሳይቀነስ ነው።

በጫካው ግን የሚያሸንፈው ርቀት አይደለም። ሌሊት ላይ የራስ መብራት የሚያሳየው ጥቂት ሜትር ብቻ ነው፤ የዛፉ ሥር ጥላው ከራሱ ይበልጣል፣ ጉድጓድና ጥላ አይለዩም። ሁለት ጎማዎቹ ከኋላ መጥተው «በግራህ!» ይላሉ፣ ያልፋሉ፤ አንዳንዱ ዞር ብሎ ያያል፣ ሌላኛው ጎማ የት እንደጠፋ የሚጠይቅ ቀልደኛም አይታጣም። ቀልዱ በየዙሩ ያው ነው። የአንድ ጎማው ሰው ሲወድቅ ብዙውን ጊዜ በእግሩ ስለሚቆም መውደቅ አይሉትም፤ በመካከላቸው «ያልታቀደ መውረድ» ይባላል፣ እየቆጠሩም ያወሩታል። የታቀደውም መውረድ አለ። በዚህ መሣሪያ ላይ ለማረፍ ሌላ መንገድ የለምና፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በዳገቱ አናት ወርዶ፣ ኮርቻውን በአንድ እጁ ይዞ፣ ጎማውን ከጎኑ እየነዳ በእግሩ የሚሄድ ሰው ታያለህ። ደንቡ ይፈቅዳል። የተራመደው ርቀትም ይቆጠርለታል።